ፊቱ አልያዝ አለኝ

ለሥራ ከከተማ ከተማ እዞራለሁ። በደረስኩበት ሁሉ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎችን መሳል እወዳለሁ፦ በያጅ፣ ልብስ ሰፊ፣ ጫኝና አውራጅ። የምይዘው ትንሽ ኤ5 ደብተር፣ 2ቢ እና 4ቢ የሚባሉ ለስላሳ እርሳሶች፣ ላጲስ ነው። አስፈቅጄ ነው የምስለው። ጊዜዬ ቢበዛ 15 ደቂቃ ነው።

እጅና ትከሻ አያስቸግሩኝም። ሥራ ይደጋገማል፤ መርፌ የያዘ እጅ ዞሮ ዞሮ እዚያው ይመለሳል፣ ጠብቄ እቀጥላለሁ። ያስቸገረኝ ፊት ነው። ሰውየው ቀና ባለ ቁጥር አፍንጫው ከጎን፣ ዓይኑ ከፊት ይሆንና ሌላ ሰው ይወጣል። «እስቲ ትንሽ ቆም ይበሉልኝ» ስል ደግሞ ለመታወቂያ ፎቶ እንደተቀመጠ ሰው ድርቅ ይላሉ። (ያኔ ሥራውም ይቆማል፣ ነገሩ ሁሉ ትርጉም ያጣል።) በስልክ አንስቼ ማታ ሞከርኩ፤ ከቅርብ የተነሳ ፎቶ አፍንጫን ያገዝፋል፣ ጆሮን ወደ ኋላ ይገፋል። ዝርዝሩን ትቼ ጥላውን ብቻ በጅምላ ማስቀመጥም ሞክሬአለሁ። ሥዕሉ ያምራል፤ ሰውየው ግን ማንም ሊሆን ይችላል።

እየተንቀሳቀሰ ያለን ሰው የምትስሉ፣ መልኩ እንዳይጠፋባችሁ ከፊቱ መጀመሪያ የምታሰፍሩት የቱን ነው?