አስቸኳይ! ማውስ የለኝም፣ ትዊተር ላይ ፊደል በነካሁ ቁጥር ጉድ ይፈላል

የመጽሐፍ ሱቋ ልጅ፦ እባካችሁ ድረሱልኝ! ታችፓዱ ድርቅ ብሏል። የነገውን የቅናሽ ማስታወቂያ 11 ሰዓት ሳይሞላ በሱቁ ገጽ መልቀቅ አለብኝ። በታብ እየወረድኩ መጻፍ ስጀምር አንዱ ፊደል ልብ አቀላ። ሌላውን ስነካ ጥያቄ ብቅ አለ፤ ደንግጬ እሺ አልኩት። ለካ መጽሐፍ የሚያቀርብልንን ሰውዬ ብሎክ አድርጌዋለሁ!! ቫይረስ ነው?

አራዳው 77፦ ቫይረስስ አይደለም፣ የጣት ነገር ነው 😂

ጋሽ ሰሌዳ፦ በመጀመሪያ ደረጃ ትዊተር የሚባል የለም። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ስሙ ኤክስ ነው። ትዊት ፖስት ሆነ፤ ሪትዊት ሪፖስት። ሚውት ስታደርጊው፣ ማለትም ጽሑፉ እንዳይመጣብሽ ስትዘጊው፣ ሰውዬው አያውቅም። ብሎክ ግን ገጽሽን ሲከፍት ይነግረዋል። ስም ሳያውቁ ዕቃ መነካካት የዘመኑ በሽታ ነው።

የመጽሐፍ ሱቋ ልጅ፦ ጋሼ፣ እሱን ማታ ያስተምሩኝ፣ በእግዜር።

ቡና በጨው፦ ሪስታርት አድርጊው።

ሚጥሚጣ፦ በስልክሽ ለምን አትለቂውም? ኪቦርድ ምን አመጣው? ችግሩን የፈጠርሽው ራስሽ ነሽ።

የመጽሐፍ ሱቋ ልጅ፦ በስልኬ ልግባ ስል ኮዱ የሚሄደው ወደ አለቃዬ ስልክ ነው። እሱ ደግሞ ደሴ መንገድ ላይ ነው፣ አይነሳም።

ኮንትሮል ዜድ፦ እህቴ ረጋ በይ። የጽሑፍ ሳጥኑ ሳይከፈት የምትነኪው ፊደል ሁሉ ትእዛዝ ነው። ኤል ላይክ ነው፣ ቲ ሪፖስት፣ ዩ ሚውት፣ ኤክስ ብሎክ። (ኤክስ ላይ ኤክስ፣ እነሱም አላፈሩም።) ኪቦርድሽን ወደ እንግሊዝኛ መልሺ፣ ከዚያ ኤን ንኪ፤ ሳጥኑ ይከፈታል። አሁን ዊንዶውስና ስፔስን አንድ ላይ ተጭነሽ ወደ አማርኛ ቀይሪ፣ ጻፊ። ለመላክ ኮንትሮልና ኢንተር። ፎቶ ካለ በታብ ሥዕሏ ምልክት ላይ ድረሺና ኢንተር። የጥያቄ ምልክቱን ብትነኪ የአቋራጮቹ ዝርዝር ራሱ ይወጣል።

ቡና በጨው፦ ሪስታርት አደረግሽው?

አራዳው 77፦ ሰውየው ሪስታርት አክሲዮን ገዝቷል መሰለኝ።

ሸገር ላይ ነኝ፦ ብሔራዊ አካባቢ ከሆንሽ ወጣ ብለሽ ማውስ ግዢ፣ ያልቃል። ፒያሳ የማውቃት ሱቅ ነበረች፣ ፈረሰች እንጂ እልክሽ ነበር።

የመጽሐፍ ሱቋ ልጅ፦ ሱቁን ለማን ትቼ ልውጣ? ኮንትሮል ዜድ ተባረክ፣ ሳጥኑ ተከፈተ!! ግን አይላክም። ቁልፉ ደብዝዟል፣ ቆጣሪው ቀይ ሆኖ ከዜሮ በታች 70 ይላል። ከነክፍተቱ 190 ፊደል ነው የጻፍኩት። 280 ይፈቀዳል አይደል እንዴ?

ኮንትሮል ዜድ፦ 280 ለላቲን ፊደል ነው። የኛን አንዱን እንደ ሁለት ነው የሚቆጥረው። አራት ነጥቡም ሁለት ነው፤ ክፍተት ብቻ አንድ። ስለዚህ ለአማርኛ 140 ገደማ ብለሽ ያዢ። ካልከፈሉ ረጅም የለም።

አራዳው 77፦ ፊደላችን ከባድ ነው ስንል ነበር፣ ይኸው ተመዘነ።

ሚጥሚጣ፦ ይሄ አድሎ ነው!

ጋሽ ሰሌዳ፦ ቻይናና ጃፓንም እንደዚያው ነው የሚቆጠርላቸው፤ ለኛ ተብሎ አልተሠራም። ልጄ፣ «ውድ ደንበኞቻችን በታላቅ ደስታ» የሚለውን አውጪው። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ቅናሹን ብቻ ተዪ። የቀረውን ለራስሽ ፖስት በሪፕላይ ቀጥይው።

የመጽሐፍ ሱቋ ልጅ፦ እንዴት አወቁ ጋሼ? እንደዚያ ነው የሚጀምረው 🙈 ብሎክ ያደረግኩትስ ሰውዬ?

ኮንትሮል ዜድ፦ ስላሽ ንኪ፣ ፍለጋው ይከፈታል። ስሙን ጽፈሽ ገጹን ክፈቺ፤ በታብ ብሎክድ የሚለው ላይ ደርሰሽ ኢንተር። ግን ስሚ፣ ብሎክ ሲደረግ ፎሎው ከሁለቱም ወገን ይቆረጣል። ብሎኩን ብታነሺውም አይመለስም። አንቺ እንደገና ፎሎው ታደርጊዋለሽ፤ እሱ ግን ራሱ ካላደረገ የለም። ደውለሽ ንገሪው።

ዝም ብዬ ሳነብ፦ ቆይ ግን፣ ታችፓዱ መሞቱን በምን አወቅሽ? ከላይ ካሉት የኤፍ ቁልፎች ታችፓድ የተሣለበት አለ? ከኤፍኤን ጋር ንኪው። በስህተት ዘግተሽው ይሆናል። እኔ በዚሁ ሁለት ሳምንት ማውስ ይዤ ዞሬያለሁ።

ቡና በጨው፦ እኔም ሪስታርት ያልኩት ለዚሁ ነው።

ሸገር ላይ ነኝ፦ 11 ሰዓት አልፏል። ተላከ ወይስ?

አራዳው 77፦ ዝም ብላለች። ኢንተር ነክታ እኛንም ብሎክ አደረገችን እንዴ?

ሚጥሚጣ፦ እኔ ይህን እያነበብኩ ዩ ልሞክር ብዬ የአክስቴን ልጅ ሚውት አደረግኩት። እንዴት እንደሚመለስ አትንገሩኝ፣ ተመችቶኛል።