"አፈር ለሚበላው ዓይን ነው የምትሰስቱት?"

ሰሊ ዘጉለሌ
ንዴቴ አልበረደልኝም፣ ለዚህ ነው የምጽፈው። ባለፈው ሳምንት አክስቴ አረፈች። ከዓመታት በፊት የዓይን ብሌኗን ለመለገስ ፎርም ሞልታ ካርድ ወስዳ ነበር። ካርዱን ከመታወቂያዋ ጋር ነበር የምታስቀምጠው። ያረፈችው ቤቷ ነው፣ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ። እኔ ካርዱን አወጣሁና "ለዓይን ባንኩ እንደውል፣ ጊዜው አጭር ነው" አልኩ። አንድ ትልቅ ዘመዳችን ተነሱና "እናታችሁን ዓይነ ስውር አድርጋችሁ ልትቀብሩ ነው?" አሉ። በቃ፣ እዚያው አለቀ። ስልክ ያነሳ ሰው የለም። እኔም በንዴት "አፈር ለሚበላው ዓይን ነው የምትሰስቱት?" ብዬ ጮህኩ። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ሰዓቴን አየሁ። ጊዜው አልፏል። የፈረመችው እሷ፣ የወሰነው ሌላ ሰው። ይሄ ልክ ነው?

ሄኖክ ዘተዋሕዶ
ነፍስ ይማር፣ ሰሊ። እግዚአብሔር ያጽናሽ። "አፈር ለሚበላው" ያልሽውን ግን ማለፍ አልቻልኩም። ሰው አፈር ነው፣ ወደ አፈርም ይመለሳል። ይሄ የተጻፈ ነው። የአፈር ቀለብ ነው ግን አልተባለም። የምንገንዘው፣ ፍትሐት የምናደርስለት ሥጋው ክብር ስላለው ነው። የሚጣል ነገር አይገነዝም። እናቴ ሞታ አጠገቧ እንዲህ ሲባል ብሰማ እኔም ስልኩን አላነሳም።

አለሙ ከሲልቨር ስፕሪንግ
ሄኖክ፣ አንተ አንድ ቃል ይዘሃል፣ እሷ የምትጠይቀው ስለ ፊርማ ነው። እኔ ሜሪላንድ መንጃ ፈቃድ ሳወጣ ተጠየቅኩ፣ እሺ አልኩ። ምልክቱ መንጃ ፈቃዴ ላይ አለ። እዚህ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ከተመዘገበ ቤተሰቡ በሕግ ሊሽርበት አይችልም። እኛስ ኑዛዜ እናከብር የለም? ቤቷን ለአንዱ ልጅ ብላ ፈርማ ቢሆን እኚያ ሽማግሌ ተነስተው ይሰርዙት ነበር?

ሄኖክ ዘተዋሕዶ
ቤት ንብረት ነው። ሥጋ ንብረት አይደለም። የራሴ ቢሆን ኖሮ እንደ ቤት እሸጠው ነበር። የምትሸጠውም የምታወርሰውም አይደለም፣ አደራ ነው።

ሰሊ ዘጉለሌ
አደራ ከሆነ ለሰው ቢደርስ ምን ችግር አለው? ጥር 18 የሚከበረው ምንድነው? ዝርወተ አጽሙ! ቅዱስ ጊዮርጊስ አጥንቱ ተፈጭቶ ይድራስ ተራራ ላይ ተበተነ። ክብሩ ጎደለ? አቡነ ተክለ ሃይማኖት እግራቸው በጸሎት ብዛት ተሰብሮ ወደቀ። የተሰበረውን እግር በዓል ሠርተን ጥር 24 እናስበዋለን። ቅዱስ ጳውሎስስ ለገላትያ ሰዎች ሲጽፍ፣ ቢቻል ዓይናችሁን እንኳ አውጥታችሁ ትሰጡኝ ነበር እያለ ፍቅራቸውን አይደል የመሰከረው? አክስቴ ይሄንን በልቧ ይዛ ነው የፈረመችው። ከኔ በላይ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ነበረች።

ሄኖክ ዘተዋሕዶ
ጥሩ ጠቅሰሻል። ግን ቅዱስ ጊዮርጊስን የፈጩት ጠላቶቹ ናቸው። የምናከብረው መበተኑን ሳይሆን እግዚአብሔር ሰብስቦ ማስነሳቱን ነው። እና ልብ በይ፣ እኔ ትንሣኤን ያግዳል አላልኩም። ትንሣኤን የሚያግድ ነገር የለም። እኔ የተናገርኩት "አፈር ለሚበላው" ስለሚለው አነጋገር ነው። እንዲህ እየተባለ የሚለመን ልገሳ ሰውን ያርቃል።

ማርታ ከአዳማ
ሄኖክ ያለው ነገር እኔን ነክቶኛል። እናቴ ሁለት ልጆች ቀብራለች። ስለ ዓይን ልገሳ ሳነሳባት "ቀድመው የሄዱትን ልጆቼን በምን አያቸዋለሁ?" አለችኝ። መልስ አጣሁ። ንግግር እንዳይሆንባት ፈርቼ ዝም አልኩ። እንዲህ ያለች እናት ያላችሁ ካላችሁ ምን እንዳላችኋት ንገሩኝ።

ሲስተር ቤዛ
ማርታ፣ እንዲህ ያሉ እናቶች ብዙ አጋጥመውኛል። በዓይን ክፍል 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ሰውን በጣም የሚያስደነግጠው "ብሌን" የሚለው ቃል ነው። የሚፈለገው ኮርኒያ ነው። ከዓይናችን ፊት ለፊት ያለ፣ እንደ እጅ ሰዓት መስታወት ጥርት ያለ ሽፋን ነው። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ነው። የደም ሥር የለውም። ስለዚህ እንደ ኩላሊት ደም ለማመሳሰል አንቸገርም። መነጽር የሚያደርግ፣ የዓይን ሞራ የተገፈፈለት ሰውም ይለግሳል። ከአንድ ሰው የተገኘው ለሁለት ሰው ይደርሳል። የሚወሰደው ልብ ካቆመ በኋላ ነው፣ እኛ ጋ በ6 ሰዓት ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። ስለ አንጎል ሞት የምትሰሙት ክርክር እዚህ አይገባም። ያ ልብና ጉበት ለሚሰጥበት አገር ነው።

ሄኖክ ዘተዋሕዶ
እህቴ፣ ስለ ማብራሪያሽ አመሰግናለሁ። ግን እንደ መስታወት ያለ ሽፋን ከሆነ ለምን ብሌን አላችሁት? ዳዊት የሚደግም ሰው "እንደ ዓይን ብሌን ጠብቀኝ" እያለ ነው ያደገው። ብሌን ለእሱ ከሰውነቱ ሁሉ ውድ የሆነው ነው። እሱን ስጥ ስትሉት ይደነግጣል። ደግሞስ ሙሉ ዓይን አይወጣም ብለሽ ትምያለሽ?

ሲስተር ቤዛ
አልምልም። አንዳንዴ ሙሉው ዓይን ይወሰዳል፣ ኮርኒያው በኋላ ይለያል። በቦታው ሽፋን ይደረጋል፣ ቆቡ ይከደናል። ገናዡም ተሰናባቹም ልዩነቱን አያይም። ይሄን መደበቅ አልፈልግም፣ ስንደብቅ ነው ወሬ የሚበዛው።

ሄኖክ ዘተዋሕዶ
ተመልከቱ። መጀመሪያ "ግማሽ ሚሊሜትር" ተባለ። ሁለት ጊዜ ስጠይቅ "ሙሉው ዓይን" ሆነ። ሽማግሌው "ዓይነ ስውር አድርጋችሁ" ሲሉ የተቆጣችሁባቸው በከንቱ ነው።

ሚኪ 22
ሄኖክ ወንድሜ፣ እኔ ያ ግማሽ ሚሊሜትር ዓይኔ ላይ አለ። 17 ዓመቴ ላይ ኬራቶኮነስ ተባልኩ። ኮርኒያው እየሳሳ እንደ ሾጣጣ ወደ ፊት ይወጣል። ሰሌዳ ማየት አቃተኝ፣ ቀጥሎ የሰው ፊት። መነጽር አይረዳም። ለአስተማሪዬ ሰነፍ ነው የመሰልኩት። ተራዬ ደርሶ ቀኝ ዓይኔ ተሠራ። እውነቱን ልንገርህ፣ ቀላል አይደለም። ክሩ ብዙ ወራት ይቆያል፣ ጠብታው ለረጅም ጊዜ ነው፣ ሰውነት እንዳይገፋው ትሰጋለህ። ግን ፋሻው ሲነሳ የእህቴን ፊት አየሁ። የሰጠኝን ሰው ስም አላውቅም። በየጸሎቴ "ስሙን የምታውቀው አንተ" እላለሁ። ያ ሰው ቤተሰቡ ስልኩን ባያነሳ ኖሮ እኔ ዛሬ ይሄን አልጽፍልህም።

ሄኖክ ዘተዋሕዶ
ሚኪ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ደስ ብሎኛል፣ ከልቤ ነው። የሰጠህን ሰው አልነቅፍም። ግን የአንተ ደስታ የሌላውን ሐዘንተኛ ማስገደጃ አይሆንም።

ሚኪ 22
ማን አስገደደ? ሴትየዋ ፈርማለች እኮ! ተገዳ የቀረችው እሷ ናት።

አብዱልከሪም መርካቶ
በእኛም በኩል ክርክሩ አለ። የሙትን አጥንት መስበር የሕያውን አጥንት እንደመስበር ነው የሚል ሐዲስ አለ፣ አባቴ ሁሌ የሚጠቅሰው እሱን ነው። በሌላ በኩል ጅዳ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) አካዳሚ በ1988 እንደ ፈረንጆቹ፣ በመስፈርት፣ ያለ ሽያጭ ከሆነ ልገሳ ይፈቀዳል ብሏል። እኔ ይሄኛውን ይዣለሁ። ቀብራችን ፈጣን ነው፣ ግን ሥራው ቀብር የሚያዘገይ አይደለም። አባቴን ግን አላሳመንኩም። ስለዚህ ለሚስቴ ነው የነገርኳት። እሱ ሳይሰማ።

አለሙ ከሲልቨር ስፕሪንግ
አብዱ፣ ሳይሰማ ካልከው የሰሊ ቤት የሆነው ያንተም ቤት ይደገማል። አባትህ በዕለቱ ተነስቶ ይቃወማል።

አብዱልከሪም መርካቶ
አባቴ 78 ዓመቱ ነው። በእኔ ሞት ላይ ከእሱ ጋር አልከራከርም። ተወኝ።

እስቴር ከነታንያ
እኔ ከእስራኤል ነኝ፣ እዚህ ደግሞ ሌላ ቁስል አለብን። በ1996 እንደ ፈረንጆቹ፣ የእኛን የኢትዮጵያውያንን ደም ተቀብለው ሳይነግሩን ሲደፉት እንደነበር ተጋለጠ። እናቴ ኢየሩሳሌም ሰልፍ ከወጡት አንዷ ናት። ስለዚህ የአዲ ካርድ፣ ማለትም የእዚህ አገር የአካል ልገሳ ካርድ፣ ፈርሚ ስባል መጀመሪያ የመጣብኝ "ደሜን የደፋ ኩላሊቴን ምን ያደርገዋል?" የሚል ነው። ሦስት ዓመት አልፈረምኩም። የአጎቴ ልጅ ኩላሊቱ ደክሞ እጥበት ሲጀምር ፈረምኩ። ካርዱ ላይ "ከሞቴ በኋላ ቤተሰቤ የመረጠው የሃይማኖት ሰው ከፈቀደ" የሚል ምርጫ አለ፣ እሱን መረጥኩ። በ2008 እንደ ፈረንጆቹ የወጣው ሕግ ለፈረመና ለቤተሰቡ ቅድሚያ ይሰጣል። እናቴ እስካሁን "ለእነሱ?" ትለኛለች። መልሴ "እማዬ፣ እጥበቱ ክፍል ውስጥ እነሱም እኛም አለን" ነው። አላሳመንኳትም።

ሄኖክ ዘተዋሕዶ
እስቴር ያለችው የሃይማኖት ሰው ነገር ጥሩ ነው። እኛ ጋስ ካርዱ ላይ የንስሐ አባት የሚፈርሙበት ቦታ ለምን አይኖርም? እኔ ያ ቢኖር ሐሳቤን አያለሁ።

ዮኒ ሃያ ሁለት ማዞሪያ
ሁላችሁም የረሳችሁት ነገር አለ። በሲና በረሃ በወንድሞቻችን ላይ ደረሰ ሲባል የሰማነው የኩላሊት ዝርፊያ ወሬ ከጭንቅላታችን አልወጣም። ካርድ ይዤ ብታመም ሐኪሙ ቶሎ ተስፋ ይቆርጥብኛል ብዬ እፈራለሁ። ሳቁብኝ ከፈለጋችሁ።

ሲስተር ቤዛ
ማንም አይስቅብህም፣ ዮኒ። ግን ካርድህን የሚያክምህ ሐኪም አይጠይቅህም። ለኮርኒያ ማንም ለመሞትህ አይቸኩልም። ኩላሊትም ቢሆን እኛ አገር መስከረም 2008 በእኛ አቆጣጠር ጳውሎስ ሆስፒታል ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር ንቅለ ተከላ ሲጀመር በሕይወት ያለ ዘመድ በሚሰጠው ነው። የምትፈራው የሽያጭ ነገር ሕግ የሚቀጣው ነው፣ ዝምድና የሚጣራውም ለዚህ ነው።

ፍሬው ባሕር ዳር
እኔ አንድ ቀላል ጥያቄ አለኝ። ፈርሜያለሁ። ባሕር ዳር ብሞት በ6 ሰዓት ውስጥ ማን ይመጣል?

ጋሽ ታደሰ (የእድር ሰብሳቢ)
ልጆቼ፣ እኔ 26 ዓመት እድር መርቻለሁ። ነገሩ የሚበላሸው የት እንደሆነ ልንገራችሁ። ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚደረገው መደበቅ ነው። መርዶው ለማን በማን ይነገር፣ የሩቁ ልጅ እስኪመጣ ምን ይባል፣ ድንኳኑ መቼ ይተከል። በእነዚያ 6 ሰዓታት ውስጥ ማንም ሐዘንተኛ ስለ ዓይን ማሰብ አይችልም። ስለዚህ እድሩ ጋ መዝገብ ይኑር። የፈረመ ሰው ስሙን ያስይዝ። ሲሞት የሚደውለው ልጁ አይሁን፣ የእድሩ ዳኛ ይሁን።

ዮኒ ሃያ ሁለት ማዞሪያ
ጋሽ ታደሰ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እድር ለመቅበር ነው የተቋቋመው። ነገ መዝገቡ ማን እጅ ይገባል?

ጋሽ ታደሰ (የእድር ሰብሳቢ)
የቀብር መዝገብ ማን እጅ ገብቶ ያውቃል? ስንት ሺህ ብር በእምነት የሚቀመጥበት ቤት ነው እድር። በአባላቴ ላይ እንዲህ አይነገር። እሑድ ስብሰባ አለን፣ አጀንዳ አስይዤዋለሁ። ተቃዋሚዬ ማን እንደሚሆንም አውቃለሁ፣ ቄሱ ናቸው።

ብሩክ
እኔ የሟች ልጅ ነኝ። ሰሊ የእኛን ቤት ጉዳይ እዚህ እንዳወጣችው ሰው ነግሮኝ ነው የመጣሁት። እናቴ ገና ሳትቀዘቅዝ "አፈር ለሚበላው" ስትይ ነው የሰማሁሽ። ከዚያ በኋላ ያልሽው ምንም አልገባኝም። ሽማግሌው ያሉትም አልገባኝም። ስለ ካርዱ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። እናቴ ለእኔ አልነገረችኝም። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት አንቺ እጅ ላይ ነው፣ እሷ አልጋ ላይ ሆና።

ሰሊ ዘጉለሌ
ብሩክ፣ ቃሉን በዚያ ሰዓት ማለት አልነበረብኝም። ይቅር በለኝ። ግን እሷ "ልጆቼ ይደነግጣሉ፣ ሲደርስ አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ" ብላኝ ነው። አደራ ነበር። ያንን አደራ በላሁ ብዬ ነው እንቅልፍ ያጣሁት።

ብሩክ
አምስት ዓመት ሙሉ አንቺ ታውቂ ነበር ማለት ነው። አንድ ቀን፣ እሷ ባለችበት፣ ቡና ላይ ብትነግሪኝ ኖሮ ራሴ እጠይቃት ነበር። ራሷ ትመልስልኝ ነበር።

ሄኖክ ዘተዋሕዶ
ብሩክ፣ ነፍስ ይማር። እኔ መጀመሪያ የተናገርኩት ይሄንን ነበር።

ሚኪ 22
አይደለም ሄኖክ፣ አንተ ስለ ቃሉ ነበር የተናገርከው። እሱ የሚለው ሌላ ነው። ብሩክ፣ እናትህ ለማታውቀው ሰው አስባ ነው የፈረመችው። እኔ ከእነዚያ ሰዎች አንዱ ነኝ። አመሰግናታለሁ፣ ባይደርስም።

ብሩክ
ሰሊ፣ ካርዱ ቦርሳሽ ውስጥ ከሆነ አምጪልኝ። የእጅ ጽሑፏ ያለበት ነው። ስለ ሌላው እስከ አርባው አታናግሪኝ።

ፍሬው ባሕር ዳር
ለሁላችሁም መጽናናትን እመኛለሁ። ጥያቄዬን ግን ማንም አልመለሰልኝም። ባሕር ዳር ብሞት ማን ይመጣል?