ለሳሎን የሚሆን የጌምና የፊልም ፒሲ፦ አዳማ ላይ ምን ምን ልግዛ?

ፍራንኮ ሰፈር (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ከሳሎን ቲቪያችን ጋር የሚገናኝ ፒሲ ማሠራት ፈልጌያለሁ። ወንድሞቼ ማታ ማታ ኳስ ጌምና ጂቲኤ 5 ይጫወቱበታል። እማዬ ዩቲዩብ ላይ ድራማና መዝሙር ታይበታለች። ቲቪው ባለ 43 ኢንች ፎርኬ ነው። በጀቴ 90 ሺህ ብር አካባቢ ነው።
አንድ ሱቅ ያቀረበልኝ ይሄ ነው፦ ኮር አይ5 12400ኤፍ፣ አንድ ባለ 16 ጊጋ ራም፣ ያገለገለ አርኤክስ 580 ግራፊክስ ካርድ፣ ስም የሌለው 700 ዋት ፓወር ሰፕላይ። ሻጩ «ሁሉንም ጌም ይሸከማል» ብሎኛል። እኛ ሰፈር መብራት ቶሎ ቶሎ ይሄዳል። ልግዛው ወይስ ልተወው?

ናዝሬት ጌመር
አይ5ቱ አሪፍ ነው። 580ውም ባለ 8 ጊጋ ከሆነ ጂቲኤን በደንብ ያጫውታል። በዚህ በጀት አታመንቺ፣ ግዢው።

ጥገና ቤት
እህቴ፣ ብር ከመክፈልሽ በፊት ትንሽ ቆዪ። እዚሁ አዳማ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፤ የምነግርሽ በየቀኑ ጠረጴዛዬ ላይ የማየውን ነው።
ፕሮሰሰሩ ጎበዝ ነው። ግን መጨረሻው ላይ ያለችው ኤፍ የራሱ ግራፊክስ የለውም ማለት ናት። ካርዱ የተበላሸ ቀን ቲቪው ላይ ምንም አይመጣም፣ እማማም መዝሙራቸው ቀረ። አርኤክስ 580 ደግሞ በ2017 የወጣ ካርድ ነው። ክሪፕቶ ማይኒንግ (የዲጂታል ገንዘብ ማምረት) ላይ ሌት ተቀን ሲሠሩ የከረሙ ብዙ አሉ። «2048ኤስፒ» የሚባል ዓይነትም አለ፤ ስሙ 580 ነው እንጂ አቅሙ ዝቅ ያለው የአርኤክስ 570 ነው። ሱቁ ውስጥ ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም አስከፍተሽ የሼደሩን (ምስሉን የሚያሰሉት የካርዱ ትንንሽ ክፍሎች) ቁጥር እዪ። ትክክለኛው 580 ላይ 2304 ይላል። ካርዱ ብቻውን ወደ 185 ዋት ይበላል። ያ ሁሉ ሙቀት ሆኖ ሳሎናችሁ ውስጥ ነው የሚቀረው። የአዳማን ግንቦት ታውቂዋለሽ።
እኔ ብሆን ራይዘን 5 5600ጂ ነው የምገዛው። ስድስት ኮር አለው፣ 65 ዋት ነው፣ ግራፊክሱ ውስጡ ነው። ጂቲኤ 5ን በ1080 ያጫውታል። አዲሶቹን የኳስ ጌሞች ግራፊክሱን ዝቅ አድርገው ይጫወቱታል። ለፊልምና ለዩቲዩብ ይተርፋል።
ራሙ ላይ ግን አደራ። ይሄ ግራፊክስ የራሱ ሜሞሪ የለውም፣ ከራሙ ነው የሚበደረው። ስለዚህ አንድ ባለ 16 ሳይሆን ሁለት ባለ 8 አድርጊው። ፍጥነቱ 3200 የሆነ አንድ ራም በሰከንድ 25.6 ጊጋባይት ያስተላልፋል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሠሩ 51.2 ይደርሳል። ጌም ላይ ልዩነቱ በዓይን ይታያል።
ማዘርቦርዱ ቢ450 ወይም ቢ550 ይሁን። አንዳንድ ቢ450 ቦርዶች ኤችዲኤምአይ 1.4 ብቻ ነው ያላቸው። በሱ ፎርኬ ከ30 ኸርዝ (በሰከንድ 30 ምስል) አያልፍም፤ ማውሱ ራሱ ሲንቀጠቀጥ ታዪዋለሽ። 2.0 እና ከዚያ በላይ የሆነውን ፈልጊ። ቆየት ያለ ቢ450 ከሆነ ባዮሱ (ቦርዱ ላይ ያለው ማስነሻ ፕሮግራም) ካልታደሰ 5600ጂን አያውቀውም፤ ሱቁ አድሶ ይስጥሽ።
አሁን ዋናው ጉዳይ። ብር ከየትም ቀንሺ፣ ከፓወር ሰፕላዩ ግን አትቀንሺ። ተቃጥለው ከሚመጡልኝ አብዛኞቹ የተቃጠሉት መብራቱ ሲጠፋ አይደለም፣ ተመልሶ ሲመጣ ነው። ስም የሌለው ፓወር ሰፕላይ ሲሄድ ብቻውን አይሄድም፣ ቦርዱንም ይዞ ይሄዳል። 80 ፕላስ የሚል የብቃት ምልክት የተጻፈበት፣ የታወቀ ስም ያለው 550 ዋት ይበቃሻል። ዲሌይ ያለው ስታቢላይዘር ጨምሪበት። መብራቱ ሲመጣ ትንሽ ቆይቶ ነው የሚለቀው። ከቻልሽ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ትንሽ ዩፒኤስም ያዢ። ሥራው ጌም ማስቀጠል ሳይሆን በሰላም ማጥፋት ነው፤ ቲቪውን እሱ ላይ አትሰኪ።

ፍራንኮ ሰፈር
እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። ወንድሞቼ «ካርድ የሌለው ፒሲ?» ብለው አኮረፉ። ሌላ ሱቅ አዲስ አርኤክስ 6500 ኤክስቲ አለኝ ይላል። እሱን ብጨምርላቸውስ?

ጥገና ቤት
እሱን ተዪው። ከቦርዱ ጋር የሚገናኘው በአራት መስመር ብቻ ነው። ፒሲአይ (ካርዱና ቦርዱ የሚገናኙበት መንገድ) 4.0 ላይ ብዙም አይጎዳም። 5600ጂ ግን 3.0 ነው፤ ያ መንገድ በግማሽ ይጠብና ባለ 4 ጊጋው ካርድ ከባድ ጌም ላይ ይንተፋተፋል። ወንድሞችሽ ይታገሡና ብር ሲገኝ አርኤክስ 6600 ይግዙ። 8 ጊጋ አለው፣ 132 ዋት ነው፣ ያው 550 ዋት ይችለዋል። ዩቲዩብ የሚጠቀምበትን ኤቪ1 የሚባል የቪዲዮ ዓይነትም ራሱ ይፈታል። እስከዚያ ፒሲው ሙሉ ሥራውን ይሠራል።

ናዝሬት ጌመር
የኤፏን ነገር ልብ አላልኩም ነበር፣ ትክክል ነው። የምጨምረው ኬዙን ነው። ፊቱ መስታወት የሆነውን ሳይሆን ወንፊቱን ምረጪ። ቲቪ ስታንዱ ውስጥ ዘግታችሁ እንዳታስቀምጡት።

ጥገና ቤት
ልክ ነው። የኛ ከተማ ንፋስ አቧራውን የትም ያስገባዋል። ፊቱ ላይ የሚታጠብ ፊልተር ያለው ኬዝ ይሁን። በብሎወር ስታጸዱ ፋኑን በጣት ያዙት፣ እንዳይሽከረከር።
ቦርዱን ከመግዛትሽ በፊት ሙሉ ሞዴሉን እዚህ ጻፊው። የስንት ኤችዲኤምአይ እንዳለው አይቼ እነግርሻለሁ።