ባስ ሲጨመር ድምፁ እየተቆረጠ ነው፦ ከመኪና በር የወጡ ስፒከሮችን ለቤት ለማዋል እርዳታ

ሙያው ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እዚህ ላይ ተይዣለሁ።

ስፒከሮቹ አራት ናቸው፤ ባለ 6.5 ኢንች፣ 4 ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው)። በመልቲሜትር እያንዳንዳቸው 3.4 ኦም አካባቢ ይሰጣሉ፤ ኮናቸው (የሚርገበገበው ፊት) አልተቀደደም፣ በጣት ሲገፋም ኮይሉ (ከኋላው ያለው የሽቦ ጥቅልል) አይፋቅም። አምፕሊፋየሩ በቲፒኤ3116 ቺፕ የሚሠራ ስቴሪዮ (ባለ ሁለት ቻናል) ቦርድ ነው፤ ኃይል የሚያገኘው ከ19 ቮልት፣ 3.42 አምፒር የላፕቶፕ ቻርጀር። በየቻናሉ ሁለት ስፒከር በሲሪየስ (አንዱ ከሌላው ተከታትሎ) ታስረዋል፣ 8 ኦም። በፓራለል (ጎን ለጎን) ቢሆኑ ወደ 2 ኦም ስለሚወርድ ለቦርዱ ከባድ ነው። ፖላሪቲውን (የፕላስና የማይነስ አቅጣጫውን) በ1.5 ቮልት ባትሪ ፈትሼዋለሁ፤ አራቱም ኮኖች ወደ ውጭ ይወጣሉ።

ሳጥኖቹ ዝግ ናቸው፣ እያንዳንዳቸው 12 ሊትር፣ ለሁለት ስፒከር። ባሱ ቀጭን ነው። ባስ ሲጨመር ደግሞ ድምፁ ለሰከንድ ያህል ጠፍቶ ይመለሳል፤ የቻርጀሩ መብራትም አብሮ ይጠፋል። አንዱ ቻናል ሲነቀል ግን ችግሩ የለም። ስለዚህ የምጠረጥረው ቻርጀሩን ነው፦ ሁለቱ ቻናሎች አንድ ላይ ጫፍ ሲደርሱ 4.7 አምፒር ገደማ ይጠይቃሉ፣ 6 ዴሲቤል ባስ መጨመር ደግሞ ኃይሉን አራት እጥፍ ማድረግ ነው።

ጥያቄዎቼ፦ በቦርዱ መግቢያ ላይ 4700 ማይክሮፋራድ፣ 35 ቮልት ካፓሲተር (ኃይል አጠራቅሞ የሚለቅ) ብጨምር ይረዳል ወይስ ቻርጀሩ እሱን ሊሞላ ገና ሲነሳ ራሱን ይዘጋል? ከምናለሽ ተራ 18 ቮልት ትራንስፎርመር መግዛትም አስቤ ነበር፤ ነገር ግን በዳዮድና በካፓሲተር ወደ ዲሲ (ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ) ሲቀየር ቮልቱ ከፍ ስለሚል፣ ጭነት በሌለበት ሰዓት ከቦርዱ ገደብ ከ26 ቮልት ጋር ይጋፋል። ባለ 15 ቮልቱ ትራንስፎርመር ይሻላል? ለባሱስ፣ የመኪና በር ስፒከር ሰፊ ቦታ ስለሚወድ፣ ሳጥኑን ወደ 30 ሊትር ላሳድገው ወይስ ጀርባውን ልክፈተው?