ዘንድሮ ለሰመር እረፍት ልጆቹን ወዴት እንውሰዳቸው፣ እዚሁ እንግሊዝ ወይስ ውጭ አገር?

የሦስት ልጆች እናት፣ ሰሜን ለንደን

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። እቁብ ወጥቶልኛል፣ ባለቤቴም የዓመት ፈቃዱን ለሰመር አስቀምጦታል። ስለዚህ ዘንድሮ ልጆቹን ይዘን የሆነ ቦታ እንሄዳለን ብለናል። ወዴት በሚለው ላይ ግን ቤቱ ለሁለት ተከፍሏል።

ትልቋ ልጄ 13 ዓመቷ ነው። ሴፕቴምበር ላይ ትምህርት ሲከፈት ሁሉም ስለ ስፔንና ስለ ቱርክ ያወራል፣ እኔ ግን የማወራው የለኝም ትላለች። ይሄ ነገር አንጀቴን ይበላዋል። ባለቤቴ ደግሞ ሌላ ነው የሚለው። ይሄን ሁሉ ዓመት እዚህ አገር ኖረን ከለንደን ውጭ የምናውቀው ሰርግና ልቅሶ የጠራንን ከተማ ብቻ ነው፣ መጀመሪያ የምንኖርበትን አገር እንይ ይላል። እሱም እውነቱን ነው። ልጆቹ እዚህ ተወልደው ላም በቅርብ አይተው አያውቁም።

የኔ ጭንቀት ሌላ ነው። የምሠራው ኬር ሆም፣ አረጋውያን መንከባከቢያ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት። ሆሊዴይ ብዬ ሄጄ እዚያም ሳበስልና ዕቃ ሳጥብ መክረም አልፈልግም። ዝናቡም አለ፣ ከፍለን ሄደን ሳምንቱን ሙሉ ቢዘንብስ? ፍልሰታም አለ። ጾሙ ኦገስት 7 ይገባል። እኔና ባለቤቴ እንጾማለን፣ ትልቋም ጀምራለች። ቁርሱም እራቱም ተከፍሎበት እኛ ዳቦና ፍራፍሬ ይዘን ልንቀመጥ ነው?

አገር ቤት ለምን አትሄዱም እንዳትሉኝ። መሄድማ እንፈልጋለን። ግን ኦገስት ክረምቱ የሚበረታበት ወር ነው፣ ልጆቹ ጭቃና ዝናብ ብቻ አይተው ይመለሳሉ። ለገና እንዳንል እዚህ ትምህርት ብዙ ጊዜ ከጃንዋሪ 7 በፊት ይከፈታል፣ ጥምቀትማ አይታሰብም። ደግሞ ባዶ እጅ አይገባም፣ ለዘመድ የሚገዛው ብቻውን ሌላ ወጪ ነው። እሱን ለብቻው እናቅድለታለን።

ሁለቱንም የሞከራችሁ እስኪ ንገሩኝ።

ከኬንት

እህቴ፣ እንኳን ወጣልሽ። እኔ እዚሁ ቆዩ ነው የምለው። ግን በደንብ ታስቦበት፣ ብራይተን ደርሶ ማታ መመለስን ሆሊዴይ ብላችሁ እንዳትቆጥሩት።

እኛ ካራቫን እንከራያለን። በመኪና የሚጎተተውን አይደለም የምልሽ፣ ባህር ዳር ባለ ትልቅ ግቢ ውስጥ ተተክሎ የሚኖረውን ነው። ሁለት ወይም ሦስት መኝታ ክፍል፣ ሳሎን፣ የጋዝ ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ መታጠቢያ አለው። ብዙዎቹ ግቢዎች መዋኛና መጫወቻ ስላላቸው ልጆቹ ጠዋት ከወጡ የሚመለሱት ሲርባቸው ነው። አንቺ ምግቡን ፈራሽው፣ ለኔ ግን ትልቁ ጥቅሙ እሱ ነው። ወጡን እቤት ሠርቼ በየሳህኑ ከፍዬ ፍሪዘር ውስጥ አስገባዋለሁ፣ እንጀራዬን እይዛለሁ፣ እዚያ ማሞቅ ብቻ ነው። ዕቃ ማጠብ የአባትና የልጆች ሥራ ነው፣ ከቤት ሳንወጣ ነው የምንስማማው። ቡናውን ግን ቆልተሽ ሂጂ፣ ካራቫን ውስጥ ልቁላ ካልሽ የጭስ ደወሉ ግቢውን ሁሉ ያስነሳዋል። ጀበናና ስኒ ይዘሽ ማታ በረንዳው ላይ አፍይው። ባለፈው ጎረቤታችን የነበሩ የማንችስተር ሽማግሌና ባለቤታቸው ሽታው ስቧቸው መጥተው እስከ በረካ ጠጥተዋል።

ቦታውን በተመለከተ፣ ብራይተን ዳርቻው ጠጠር ነው፣ ትንንሾቹን እግራቸውን ያማቸዋል። አሸዋ ከፈለግሽ ካምበር ሳንድስ ወይም በርንማውዝ ሂጂ። ካምበር ላይ ባህሩ ሲሸሽ በጣም ይርቃል፣ ሲመለስ ደግሞ ሳታስቢው ነው የሚደርስብሽ። ቀይና ቢጫ ባንዲራ ከተተከለው መሀል አይውጡ፣ ነፍስ አድኖቹ የሚጠብቁት እሱን ነው። መኪና ካላችሁ ግን እኔ ዶርሴትን ነው የምመርጥልሽ። ያ የባህር ጠረፍ በ2001 ዩኔስኮ የመዘገበው ነው። ባህሩ መሀሉን የበሳው ደርድል ዶር የሚባል የድንጋይ በር አለ። ቻርማውዝ ላይ ደግሞ ልጆች ጎንበስ ብለው ከጠጠሩ መሀል ቅሪተ አካል ይለቅማሉ። ልጄ ያገኘው እንደ በግ ቀንድ የተጠቀለለ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ፣ ቀንድ አውጣ የሚመስል የባህር እንስሳ ነው፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ዓመት ያለው። እስካሁን ትራሱ አጠገብ ነው የሚያስቀምጠው። ገደሉን ግን አይጠጉ፣ ይናዳል።

ዝናቡ ይዘንባል፣ አልዋሽሽም። ባህሩም በኦገስት እንኳ ከ17 እና 18 ዲግሪ ብዙ አያልፍም። ለልጆቹ ዌትሱት፣ ብርድ የሚከላከል የዋና ልብስ ግዢላቸው፣ ከዚያ በኋላ ከውሃ የሚያወጣቸው የለም።

ሹፌሩ፣ በርሚንግሃም

በዚህ ከኬንቷ እህቴ ጋር አልስማማም። ካራቫን በኦገስት ርካሽ ነው የሚል ካለ ሒሳቡን እንደገና ይሥራ። ትምህርት ሲዘጋ ዋጋው እዚህም ይሰቀላል። ነዳጁን፣ የመኪና ማቆሚያውን፣ አይስክሬሙን፣ ለልጆቹ መጫወቻ የሚጎረሰውን ሳንቲም ደምሩበት። በረራና ሆቴል አንድ ላይ ከሚሸጥበት የቱርክ ፓኬጅ ብዙ አይርቅም፣ ልዩነቱ እዚያ ፀሐይ መውጣቷን ታውቃለህ።

አንቺ ደግሞ ሌሊት የምትሠሪ እናት ነሽ። ባለቤቴ ኦል ኢንክሉሲቭ፣ ማለትም ምግቡም መጠጡም አብሮ የተከፈለበት ሆቴል ስትገባ የመጀመሪያውን ቀን ዝም ብላ ተኛች። ዓመቱን ሙሉ ሰው ስትንከባከብ የኖረች ሴት በረዶ ሆኖ የመጣ ወጥ ማሞቅ አይደለም የሚገባት። ጾሙንም በተመለከተ ቱርክን አትፍሪው። ምስር ሾርባ፣ በዘይት የተሠራ ባቄላ፣ ደበርጃን፣ ሩዝ፣ ወይራ፣ ሰላጣ ሁልጊዜ አለ። ቅቤ አለው ወይ ብለሽ መጠየቅ ብቻ ነው።

ኦገስት ከተወደደ የኦክቶበር ሃፍ ተርምን፣ የትምህርት አጋማሹን አጭር እረፍት እዪው። አንታልያ ባህሩ ያን ጊዜም ሞቅ ያለ ነው፣ ከረቡዕና ዓርብ በቀር የአዋጅ ጾም የለም፣ ዋጋውም ከኦገስት ይሻላል። ልጆቹን ትምህርት አስቀርቶ ርካሹን ሳምንት መያዝን ግን አልመክርም። እንግሊዝ ውስጥ ቅጣቱ ለአንድ ልጅ በአንድ ወላጅ 80 ፓውንድ ነው፣ እሱም በ21 ቀን ውስጥ ከተከፈለ፣ ካለፈ 160 ይሆናል። ሁለት ወላጅ ሦስት ልጅ ሲባዛ 480 ፓውንድ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ከተደገመ ከመጀመሪያውኑ በ160 ነው የሚታሰበው።

ፓኬጅ ስትገዢ አቶል፣ ማለትም የጉዞ ድርጅቱ ቢከስር የሚጠብቅሽ ዋስትና ያለው መሆኑን አረጋግጪ። ቶማስ ኩክ የሚባለው የጉዞ ድርጅት በ2019 ሲከስር ውጭ አገር የነበሩ ከ140 ሺህ በላይ ሰዎች ወደ አገር ተመልሰዋል፣ ብዙዎቹ ዋስትናው ነበራቸው።

ከግላስጎ

እኛ ስኮትላንድ ትምህርት የሚዘጋው ጁን መጨረሻ ላይ ነው። የእንግሊዝ ልጆች ገና ክፍል ውስጥ እያሉ በረራው ይቀንስልናል። ለእህታችን አይጠቅማትም፣ እዚህ ያላችሁ ግን ተጠቀሙበት።

ወደኛ መምጣት ካሰባችሁ ደስ ይለናል። ቤን ኔቪስ 1,345 ሜትር ነው፣ የብሪታንያ ረጅሙ ተራራ። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች የኛ ሰው ይንቀዋል፣ አትናቁት። የሚጀመረው ከባህር ወለል አካባቢ ነው፣ ከታች ፀሐይ ሆኖ ከላይ ጭጋግና ብርድ ይሆናል። ጁላይና ኦገስት ምዕራቡን የምትመጡ ደግሞ ሚጅ የሚባሉ ደቃቅ ተናካሾች አሉ፣ ማባረሪያ ቅባት ያዙ።

እዚህ ያደግኩ

እትዬ፣ እኔ እንደ ልጅዎት ሆኜ ነው የምጽፍልዎት። ስፔን ሄድኩ ማለት ለ13 ዓመት ልጅ ትልቅ ነገር ነው፣ ቀላል አድርገው አይዩባት። ግን እኔን የጎዳኝ ውጭ አገር አለመሄዱ አልነበረም። ስድስት ሳምንት ሙሉ አንድም የሚጠበቅ ቀን አለመኖሩ ነው። ወላጆቼ ይሠሩ ነበር፣ እኛ ቤት ውስጥ ታናናሾቼን ይዤ ቴሌቪዥን። ስለዚህ የትም ይሁን፣ ቀኑን አሁኑኑ ይንገሯት፣ ዕቅዱንም እሷ ታውጣው። ካርታውን፣ ባቡሩን፣ የት እንደሚታይ፣ ሁሉንም።

አንድ ነገር ደግሞ ሰው የማያነሳውን ላንሳ። ገጠሩ ውስጥ ብዙ ቦታ ጥቁር ቤተሰብ እናንተ ብቻ ትሆናላችሁ። ዌልስ ውስጥ አንድ ትንሽ መንደር ካፌ ስንገባ ወሬው ሁሉ ቆመ። ማንም ክፉ ነገር አልተናገረንም፣ አስተናጋጇም ጥሩ ሴት ነበረች፣ ግን ያ ዝምታ ለልጅ ይከብዳል። አትሂዱ ማለቴ አይደለም። እኛም የዚህ አገር ሰዎች ነን፣ ተራራውም ባህሩም የኛም ነው፣ ልጆቹ ይሄን በእግራቸው ረግጠው ማወቅ አለባቸው። ብቻ ለትልቋ አስቀድመው ይንገሯት፣ ድንገት እንዳይሆንባት። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ እንደ በርንማውዝ ያለ ብዙ ዓይነት ሰው የሚመጣበት ከተማ ይቀላል።

ገንዘቡ ከጎደለም ሳውዝኤንድ አለ። ከለንደን በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ነው። ባህሩ ውስጥ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ የሚገባ ድልድይ አለ፣ በላዩም ትንሽ ባቡር ይሄዳል። ታናናሾቹ ያብዳሉ።

ጡረተኛ፣ ብሪስቶል

ልጄ፣ ሁሉም የተናገረው መልካም ነው። እኔ አንድ ነገር ልጨምር። ልጆችሽን አገር ቤት መውሰድ ካልቻልሽ የአገር ቤት ታሪክ እዚህም አለና እሱን አሳያቸው።

ባዝ ከተማ ውስጥ ፌርፊልድ ሀውስ የሚባል ቤት አለ። ጃንሆይ ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ተሰደው መጥተው ከ1936 እስከ 1940 በፈረንጆቹ የኖሩበት ነው። በኋላ በ1958 ቤቱን ለከተማዋ ለአረጋውያን መጠለያ ብለው ሰጡ። የልጅ ልጆቼን ይዣቸው ሄጄ ነበር። ትንሹ "እውነት የኛ ንጉሥ እዚህ በር ላይ ቆሞ ነበር?" ብሎ በሩን በእጁ ዳሰሰው። በየቀኑ ስለማይከፈት ከመሄድሽ በፊት አጣሪ። ከለንደን ፓዲንግተን ባቡሩ አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው። የሮማውያኑንም መታጠቢያ በዚያው ታያላችሁ።

ዊንዘርም አለ፣ ለናንተ ቅርብ ነው። የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ያረፈው እዚያ፣ በቤተ መንግሥቱ ግቢ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዘንድ ነው። ከመቅደላ ሲወሰድ ሰባት ዓመቱ ነበር፣ በ1879 ሊድስ ላይ ሲሞት ገና 18። በመታሰቢያው ላይ "እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛል" የሚለው የወንጌል ቃል ተቀርጿል። አጽሙ ወደ አገሩ ይመለስ የሚለው ጥያቄ በ2023 እንደገና ቀርቦ ቤተ መንግሥቱ አልተቀበለውም። የ13 ዓመት ልጅ ይሄን ቆማ ብታነብ ትምህርት ቤት የምታወራው አታጣም። እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ለጎብኚ ዝግ ነው፣ ለጸሎት ብቻ ነው የሚከፈተው።

ወረቀት ይቅደም

ሁላችሁም ስለ ፀሐይ ታወራላችሁ፣ ፓስፖርቱን ማን ጠየቀ? የብሪታንያ ፓስፖርት ከሆነ ለስፔን የተሰጠበት ቀን ከ10 ዓመት ያላለፈ፣ ከምትመለሱበት ቀን በኋላ ደግሞ 3 ወር የቀረው መሆን አለበት። የልጆች ፓስፖርት 5 ዓመት ብቻ ነው፣ ሳይታሰብ ያልቃል። ከናንተ አንዱ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከሆነ ሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፣ የባንክ ወረቀት፣ የ30 ሺህ ዩሮ የሕክምና ኢንሹራንስ ይጠየቃል፣ ለሰመር ቀጠሮ ማግኘት ደግሞ ፈተና ነው። አሁን ካልጀመራችሁ አይደርስም።

ሌላው፣ ቅቤና ቋንጣ ይዛችሁ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገር አትግቡ። ከብሬግዚት ወዲህ ሥጋና የወተት ውጤት ማስገባት ክልክል ነው፣ ይወስዱባችኋል። በርበሬና ሽሮ ችግር የለውም።

የሦስት ልጆች እናት፣ ሰሜን ለንደን

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማታ ቁጭ ብለን ከልጆቹ ጋር አብረን አነበብነው።

የወረቀቱ ነገር ብዙውን ወሰነልን። የባለቤቴ ዜግነት ገና አልወጣም፣ እሱን ትቶ መሄድ ደግሞ አይሆንም። ስለዚህ ሰመሩን እዚሁ ነን። ትምህርት ከተዘጋ በኋላ ፍልሰታ እስኪገባ ሁለት ሳምንት ገደማ አለ፣ በዚያ መሀል ዶርሴት ካራቫን እንይዛለን። ስንመለስ ባዝ እናድራለን፣ ጋሼ እግዜር ያክብርልኝ። ዊንዘርን በሌላ ቀን ደርሰን እንመለሳለን። ትልቋ መጀመሪያ አኩርፋ ነበር፣ የቻርማውዙን ነገር ከፍታ ካየች በኋላ ግን ባህሩ የሚሸሽበትን ሰዓት እየፈለገች ነው። ለቅሚያው የሚመቸው ሲሸሽ ነው አሉ። አባቷ የሚያበስልባቸውን ቀኖችም ጽፋ ፍሪጁ ላይ ለጥፋለች። እኔ ምድጃ አልነካም ብያለሁ፣ ቡና ብቻ።

የበርሚንግሃሙ ወንድሜ፣ ቱርክን አልተውኳትም። ወረቀቱ ከደረሰ ለኦክቶበር አስበንበታል፣ የሆቴሉን ስም በውስጥ መስመር ላክልኝ።

የኬንቷ እህቴ፣ አንሶላና ብርድ ልብስ ካራቫኑ ውስጥ አለ ወይስ ይዘን እንሂድ?

ከኬንት

እንደ ግቢው ነው። ብዙዎቹ ብርድ ልብስና ትራስ ያስቀምጣሉ፣ አንሶላ ግን ለብቻው ያስከፍላሉ። ስትይዢ ጠይቂያቸው። ፎጣ ከቤት ያዢ፣ ለባህር ሌላ፣ ለገላ ሌላ። ሦስት መኝታ ያለውን ያዢ፣ ትልቋ የራሷ ክፍል ትፈልጋለች። ደግሞ ዛሬ ነገ አትበይ፣ የጁላይ መጨረሻ ቶሎ ነው የሚያልቀው።