ሮም፣ ፍሎረንስ፣ ቬኒስ፦ የጫጉላ ሽርሽር በባቡር ወይስ በኪራይ መኪና?

ሙሽሪት
ሰላም ለሁላችሁ። ሰርጋችን ከፋሲካ በኋላ ነው። በግንቦት ከዋሽንግተን ተነስተን ለ10 ሌሊት ጣሊያን ልንሄድ ነው፦ ሮም 3፣ ፍሎረንስና የቶስካና ገጠር 4፣ ቬኒስ 3። እጮኛዬ ከሮም መኪና ተከራይተን እስከ ቬኒስ እንንዳ ይላል፤ እኔ ደግሞ ባቡር ይሻላል ባይ ነኝ። ሁለታችንም የአሜሪካ መንጃ ፈቃድ አለን፤ ማኑዋል ግን አንነዳም። እሱ የኢትዮጵያ ፓስፖርትና ግሪን ካርድ ነው ያለው። ሁለት ትልልቅ ሻንጣ እንይዛለን። ምን ትመክሩናላችሁ?

ሐዲድ
እንኳን ደስ ያላችሁ። ከከተማ ወደ ከተማ በባቡር ሂዱ፤ መኪና ለገጠሩ ብቻ ይሁን። ከሮም ተርሚኒ እስከ ፍሎረንስ ሳንታ ማሪያ ኖቬላ ፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅበታል፤ በመኪና ግን ከ3 ሰዓት በላይ ነው፣ ያውም ማቆሚያ ፍለጋውን ሳንቆጥር። ከፍሎረንስ ቬኒስ 2 ሰዓት ከሩብ ያህል ነው። በዚህ መስመር ፍሬቻሮሳና ኢታሎ የተባሉ ፈጣን ባቡሮች ስለሚፎካከሩ የሁለቱንም ዋጋ አወዳድሩ።

ትኬት ቀደም ብሎ ሲገዛ ይረክሳል፤ በጣም ርካሹ ግን ገንዘቡ አይመለስም። ስለዚህ ቪዛውን አስቀድሙ። ግሪን ካርድ ጣሊያን ወዳለችበት የአውሮፓ የጋራ ቪዛ ቀጠና (ሸንገን) አያስገባም፤ ባለቤትሽ ቪዛ ያስፈልገዋል። ሌሊቶቹ በሙሉ ጣሊያን ስለሆኑ ማመልከቻው ለጣሊያን ቆንስላ ነው የሚገባው። ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ማመልከት ይቻላል፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጤና መድን ይጠየቃል። ቪዛው እጃችሁ እስኪገባ የማይመለስ ትኬት አትግዙ፤ ሆቴሉንም ሊሰረዝ በሚችል ዋጋ ያዙ።

ስትገዙ ቀኑን ልብ በሉ። ጣሊያን ቀን ከወር ይቀድማል፤ 06/05 ማለት ሜይ 6 ነው እንጂ ጁን 5 አይደለም። መድረሻችሁ ቬኒስ ሳንታ ሉቺያ ይሁን፤ ሜስትሬ የሚባለው ጣቢያ ከደሴቶቹ ውጭ፣ በየብሱ በኩል ነው። ዘገምተኛውን የክልል ባቡር በወረቀት ትኬት ከተሳፈራችሁ፣ ከመግባታችሁ በፊት ጣቢያው ውስጥ ባለው ማሽን አስመቱት። ያልተመታ ትኬት እንደሌለ ይቆጠርና ያስቀጣል።

ብዙ ጊዜ የሚያሳፍር የባቡር ማለፊያ (ፓስ) ለሁለት ጉዞ አያዋጣም። ማለፊያ ይዛችሁም ለፈጣኑ ባቡር የወንበር ማስያዣ ትከፍላላችሁ።

መሪ ጨባጭ
በሐዲድ ሐሳብ እስማማለሁ፤ ግን ገጠሩን ያለ መኪና ለማየት አትሞክሩ። ፒዬንሳና ሞንታልቺኖ ባቡር አይደርስባቸውም፤ አውቶቡሱም ጥቂት ነው፣ እሑድ ደግሞ ይብስበታል። ፍሎረንስን 2 ሌሊት በእግር ጨርሳችሁ ለቀሩት 2 ሌሊቶች መኪና ተከራዩ።

መኪናውን ከመሀል ከተማ ሳይሆን ከፍሎረንስ አውሮፕላን ማረፊያ ውሰዱ፤ መልሱትም እዚያው። ከሳንታ ማሪያ ኖቬላ አጠገብ በቲ2 ትራም 20 ደቂቃ ገደማ ነው። ምክንያቱ በየከተማው መሀል ያለው ዜድቲኤል የሚሉት ክልል ነው። የተፈቀደለት መኪና ብቻ ነው የሚገባበት፤ በሩ ላይ ካሜራ አለ፣ የሚያስቆም ፖሊስ ግን የለም። ስለዚህ መግባታችሁን እንኳ ሳታውቁ ታልፋላችሁ። ከዚያ አከራዩ ስማችሁን ለፖሊስ ለሰጠበት የአገልግሎት ክፍያ ከካርዳችሁ ይቆርጣል፤ ቅጣቱ ራሱ ከወራት በኋላ በፖስታ ይመጣል። ሁለቴ ከገባችሁ ሁለት ቅጣት ነው። ሲዬናም ሆነ ትንንሾቹ ከተሞች ይህ ክልል አላቸው። ከግንቡ ውጭ አቁማችሁ በእግር ግቡ። በነጭ መስመር ማቆም በአብዛኛው ነፃ ነው፣ በሰማያዊ ይከፈላል፣ ቢጫው ለእናንተ አይደለም።

ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ከአሜሪካው የአሽከርካሪዎች ማኅበር ከትሪፕል ኤ አውጡ። ጣሊያን ከአሜሪካው ጋር አብሮ እንዲያዝ ትጠይቃለች፤ እዚያ ደርሳችሁ ደግሞ አታገኙትም። መኪናው «አውቶማቲክ» መሆኑ በውሉ ላይ ተጽፎ ይታይ፤ እዚያ የተለመደው ማኑዋል ስለሆነ አውቶማቲኩ ጥቂትና ውድ ነው። መያዣ የሚደረገው ክሬዲት ካርድ በሹፌሩ ስም ይሁን፤ በዴቢት ካርድ ብዙዎቹ መኪናውን አይሰጡም። ሁለታችሁም የምትነዱ ከሆነ ሁለታችሁም ውሉ ላይ ተመዝገቡ፤ ያልተመዘገበ ሰው ነድቶ ቢያጋጭ መድኑ አይሠራም።

በፍጥነት መንገዱ እንደ አዲስ አበባ–አዳማው መግቢያው ላይ ወረቀት ትወስዳላችሁ፣ መውጫው ላይ ትከፍላላችሁ። ቢጫው የቴሌፓስ መስመር ሳይቆሙ የሚያስከፍለውን መሣሪያ ለገጠሙ ብቻ ነው፤ በካርድ የሚከፈልበትን ሰማያዊውን ያዙ። ወሰኑ በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሲዘንብ 110። ካሜራው በሁለት ነጥብ መሀል ያለውን አማካይ ፍጥነት የሚለካበት ቦታ ስላለ፣ ካሜራ ሲታይ ፍሬን መያዝ አያድንም።

ሙሽሪት
በጣም አመሰግናለሁ፣ ኑሩልን። እጮኛዬ ደግሞ፣ መኪናውን ፍሎረንስ ከመመለስ እስከ ቬኒስ ነድተን እዚያ ብናስረክብስ ይላል። ሻንጣዎቹስ እንዴት ይሁኑ?

ሐዲድ
ይቻላል፤ መኪና የሚደርስበት የመጨረሻው ቦታ ፒያሳሌ ሮማ ላይ አከራዮች አሉ። ግን ሌላ ከተማ ለመመለስ ተጨማሪ ይከፈላል፤ የፍሎረንስ–ቦሎኛ መንገድም ተራራ የሚያቋርጥና የጭነት መኪና የሚበዛበት ነው። እኔ አልመክረውም።

ትልልቆቹን ሻንጣዎች ፍሎረንስ ሆቴላችሁ ወይም ጣቢያው ውስጥ ባለው የዕቃ ማስቀመጫ ትታችሁ፣ ለገጠሩ አንድ ትንሽ ቦርሳ ያዙ። የቆመ ኪራይ መኪና ውስጥ ሻንጣ መተው፣ በተለይ መልክዓ ምድር ለማየት በሚቆምባቸው ቦታዎች፣ ሌባ መጥራት ነው። ወደ ቬኒስ ስትሳፈሩ ቀደም ብላችሁ ግቡ፤ ለትልቅ ሻንጣ የሚሆነው መደርደሪያ በፉርጎው ጫፍ ስለሆነ ቶሎ ይሞላል።

አንድ የቀረ ነገር፦ የባቡር ሥራ ማቆም አድማ ጣሊያን ውስጥ የተለመደ ነው፤ ቀኑ ግን አስቀድሞ ይታወጃል። ከመነሳታችሁ ሳምንት በፊት «ሾፔሮ» (sciopero፣ በጣሊያንኛ አድማ ማለት ነው) ብላችሁ ኢንተርኔት ላይ ፈልጉ። በሥራ ቀን ከሆነ የክልል ባቡሮች ከጠዋቱ 12 እስከ 3፣ ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ይሠራሉ፤ ከፈጣኖቹም የማይሰረዙት ዝርዝር ይወጣል። ጉዟችሁ ወደ ግንቦት መጨረሻ ከሆነ ደግሞ ጁን 2 ብሔራዊ በዓላቸው ነውና የዚያን ሰሞን ትኬት ቪዛው እንደወጣ ግዙ።