ልጅ ሁሉ በስሙ ይመዝገብ ወይስ መጀመሪያ ሚዛኑ ይጠገን?

ጠያቂው፦ አማራ ክልል ውስጥ የእያንዳንዱ ሕፃን ክብደት፣ ክትባትና የልደት ምዝገባ በአንድ ቋት (በታብሌት በሚሞላ የኮምፒውተር መዝገብ)፣ በስሙ ይያዝ ባይ ነኝ። በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት የክልሉ ልጆች 46 በመቶው ቀንጭረው (በምግብ እጥረት ለዕድሜያቸው አጥረው) ነበር፣ በ2011 ደግሞ 41 ገደማ። እሺ፣ የማን ልጆች? የት ቀበሌ? ጥናት ናሙና ነው፣ የሚመጣውም በስንት ዓመት አንዴ። ልጅ የሚቀነጭረው ግን በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነው። ውጤቱ እስኪወጣ ልጁ ትምህርት ቤት ገብቷል።

የቀድሞ ጤና ኤክስቴንሽን፦ ወንድሜ፣ ስድስት ዓመት ሠርቼበታለሁ። የኛ ጤና ኬላ ሚዛን ባዶውን ራሱ ግማሽ ኪሎ ያነብ ነበር። ወር ሲያልቅ ከላይ ይደወላል፣ «ለምን ሁሉንም አልመዘንሽም?» ቤታቸው ገደል ማዶ ነው ብል ማን ይሰማኛል። ምን ልደብቅህ፣ ያልመዘንኳቸውን እንደመዘንኩ አድርጌ ሞልቻለሁ። ታብሌት ብትሰጠኝም እሞላው ነበር፣ ያውም በፍጥነት።

ጠያቂው፦ ለዚህ እኮ ነው በስም ያልኩት! ድምር ብቻ ሲላክ ውሸቱ አይታይም። አንድ ልጅ ሦስት ወር ሙሉ 7.2 ኪሎ ከሆነ ግን ያስታውቃል።

የደሴው፦ ስለ ምግብ ብቻ አታውሩ። በ2008ቱ ጥናት ልደታቸው የተመዘገበ ሕፃናት በአገር ደረጃ 3 በመቶ ነበሩ፤ ምዝገባው በአዲሱ ሕግ የተጀመረውም ያን ዓመት ማለቂያ ላይ ነው። የልደት ወረቀት የሌላትን የ15 ዓመት ልጅ «18 ሞልቷታል» ብሎ ለመዳር ምስክር ማቆም ቀላል ነው።

ተጠራጣሪው፦ ጦርነት ባለበት ክልል የቤተሰቡን ስምና መንደር በአንድ ቋት? ቁልፉ ማን እጅ ነው? የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ በ2016 ወጥቷል፣ አውቃለሁ። ወረቀት ነው።

የቀድሞ ጤና ኤክስቴንሽን፦ እኔ አንድ ልጅ አይረሳኝም። የክንድ መለኪያው ቀይ ላይ አረፈ፣ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች፤ ከባድ የምግብ እጥረት ማለት ነው። ወደ ጤና ጣቢያ ላክኋቸው። ፕላምፒ ነት (በምግብ እጥረት ለተጎዱ ልጆች የሚሰጠው የለውዝ ምግብ) አልቋል ተባሉ፣ እናትየው አዝላው የሦስት ሰዓት መንገድ በእግሯ ተመለሰች። የኔ መዝገብ ላይ «ተልኳል» ይላል። ያንተ ቋትስ «ከዚያስ ምን ሆነ?» የሚል ቦታ አለው?

ጠያቂው፦ አላሰብኩበትም።

የቀድሞ ጤና ኤክስቴንሽን፦ እሱን አስቀድምና ከዚያ ታብሌቱን አምጣ።